የእናትሽን ስም ጻፊ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቱ ብርድ ልብስ ሸለመኝ። ደብረ ብርሃን ላይ ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ሌላ ምን ይሸለማል? ቤቴ ውስጥ አምስት ብርድ ልብስ ነበረኝ፤ ይኼ ስድስተኛ ሆነ። ኃላፊው ተነሥተው "አቶ ግርማ ለሠላሳ ስምንት ዓመት ደህና ዕቃ ነክተው አያውቁም" ብለው ሲናገሩ አዳራሹ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅሁ። እውነታቸውን ነው፤ የተሰበረ፣ የደረቀ፣ ሻይ የፈሰሰበት፣ አይጥ የገባችበት እንጂ ደህና ዕቃ ማን ወደ እኔ ያመጣል?

ሥራዬ የመሥሪያ ቤት መጻፊያ መጠገን ነበር። መጀመሪያ ታይፕራይተር፣ ኋላ ኮምፒዩተር፣ በመጨረሻ ላፕቶፕ። ስለ ደመወዙ አላወራም፤ እንደ ማንኛውም የመንግሥት ሠራተኛ ወሩ አልደርስ እያለኝ ኖሬ ወጣሁ። ደነባ፣ ለሚ፣ መዘዞ፣ አንኮበር፣ መኪና ሲገኝ በመኪና፣ ሳይገኝ በአይሱዙ ጭነት ላይ እየተንጠለጠልኩ ያልደረስኩበት የወረዳ ጽሕፈት ቤት የለም። አለቆቼን ብቆጥር አሥራ አንድ ይሆናሉ። ግማሾቹን ስማቸውን ረስቻለሁ፤ እነሱም እኔን ሳይረሱኝ አይቀሩም። አንድ ሰው ግን አለ፣ እስከ ዛሬ ዕቃ ከመክፈቴ በፊት "እሳቸው ቢያዩኝ ምን ይሉ ነበር?" የምልለት። ጋሽ ደምሴ ይባላሉ።

ያወቅኋቸው በሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። የጥገና ክፍሉ በር ላይ ቆሜ የምደባ ደብዳቤዬን ስዘረጋላቸው ደብዳቤውን አላዩም። እጄን ያዙና ጥፍሬን አዩ።

"ሂድ ቁረጠውና ነገ ና" አሉኝ።

በቃ፣ የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ በዚህ አለቀ። ተናድጄ ነበር፣ አልዋሽም። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ወረቀት ይዤ መጥቼ ጥፍርህን ቁረጥ እባላለሁ? በማግስቱ ቆርጬ ስመጣ ደግሞ እጄን በሳሙና አስታጠቡኝ። ከአሮጌ ነጠላ የተቀደደ ነጭ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ አነጠፉ፣ አንድ የአማርኛ ታይፕራይተር አስቀመጡበትና "የእናትህን ስም ጻፍ" አሉ።

"የእናቴን?"

"ምነው፣ እናት የለህም?"

ጻፍኩ። ጋሽ ደምሴ ወረቀቱን አላዩትም፤ ጆሯቸውን አዘንብለው ይሰሙ ነበር። "ሦስተኛዋ ፊደል ዘግይታ ነው የምትመለሰው። ሰማሃት?" አሉኝ። እኔ ምን እሰማለሁ! ከፍተን ስናያት ግን እውነትም ከሥሯ ያለችው ስፕሪንግ ላልታለች።

ምክንያቱን የነገሩኝ ቆይተው ነው። ሰውን ዝም ብለህ የሆነ ነገር ጻፍ ካልከው ያስባል፣ ሲያስብ ጣቱ ይቆማል። ያን ጊዜ የዘገየው ማሽኑ ይሁን ሰውየው አይለይም። የእናቱን ስም ግን ማንም አስቦ አይጽፍም፤ ጣቱ ራሱ ይሄዳል። ስለዚህ ከእሳቸው እጅ የወጣ ማሽን ሁሉ ባለቤቱ መጥቶ የእናቱን ስም ሳይጽፍበት አይሰጥም። አንድ ጊዜ አንድ ትልቅ ሹም "እኔ ሥራ አለብኝ፣ ዝም ብለህ ስጠኝ" ብለው ተቆጡ። ጋሽ ደምሴ ወንበር ሳቡላቸው። ሹሙ ተቀመጡ፣ ጻፉ፣ ወረቀቱንም አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ማሽን ከመክፈታቸው በፊት ሥዕሉን በወረቀት ይነድፉና እያንዳንዷን ብሎን ከወጣችበት ቦታ ላይ በፕላስተር ይለጥፏታል። ስስ ነገር የሚነኩት በብረት ሳይሆን ራሳቸው በጠረቧት የወይራ ስንጥር ነው። "ብረት ለብረት አያዝንም" ይሉ ነበር። "ተበላሸ" የሚል ቃል ከአፋቸው አይወጣም፤ "ደክሟል" ነው የሚሉት። ከሁሉ የገረመኝ ግን አጠያየቃቸው ነው። "ምን አደረግኸው ካልከው ሰውየው ለራሱ ጠበቃ ይሆንብሃል። ምን ቀን ነበር፣ ማን ቤት ነበር፣ ምን በላችሁ በለው። ራሱ ይነግርሃል" አሉኝ።

ኮምፒዩተር ሲመጣ ብዙ የታይፕራይተር ሰዎች እጃቸውን ሰበሰቡ። ጋሽ ደምሴ አንድ የሞተ ኪቦርድ አርብ ቀን ቤታቸው ይዘው ሄዱ፣ ሰኞ ገጣጥመው አመጡትና "ያቺው ናት፣ ልብሷን ነው የቀየረችው" አሉ። እኔ ያን ጊዜ ወጣት ነበርኩ፣ እሳቸው ደግሞ ልጆቻቸውን የዳሩ ሰው። ግን ከእኔ ቀድመው ተማሩት። እንዴት አላደንቃቸውም?

አሁን ወደማልወደው ነገር ልግባ።

አንድ ክረምት መዘዞ የሚሠራ የግብርና ባለሙያ ላፕቶፑን ላከ። ሽፈራው ይባላል። በየገበሬው ማሳ እየዞረ የትኛው ገብስ ውርጭ እንደቻለ፣ የትኛው እንዳልቻለ ለዓመታት የመዘገበው ሁሉ በዚያች ላፕቶፕ ውስጥ ነው። ዕቃው በአይሱዙ፣ በዝናብ መጣ። አብሮት የመጣው ወረቀት "አይነሣም" ይላል፣ ሌላ ቃል የለውም። የዚያን ጊዜው አለቃችን የሪፖርት ወዳጅ ነበር፤ አርብ እስኪደርስ ስንት እንደጠገንን ይቆጥራል። ጋሽ ደምሴ የዚያን ቀን ለቅሶ ሄደዋል። እኔ ሳልጠይቅ፣ ሳልከፍት፣ እንዲያው በችኮላ ቻርጀሩን ሰካሁበት።

ሽታው እስከ ዛሬ በአፍንጫዬ አለ። ውስጡ ረጥቦ ነበር። ዋናው ሰሌዳ ተቃጠለ፣ ዲስኩም አብሮት ሄደ።

በማግስቱ ለጋሽ ደምሴ ስነግራቸው ይጮኹብኛል ብዬ ነበር። አልጮኹም። ባርኔጣቸውን አነሡና "ተነሥ፣ መዘዞ እንሄዳለን" አሉኝ። "በስልክ ብንነግረውስ?" ስል ከበሩ ወጥተዋል። ሽፈራውን ከግቢው መሐል ቆሞ አገኘነው፣ ሲያየን ፊቱ በራ፤ ተሠርቶ የመጣለት መስሎት ነው። ጋሽ ደምሴ ከእኔ ቀድመው "እኛ ነን ያጠፋነው" አሉት። እኛ! እሳቸው እኮ በቦታው አልነበሩም። ሽፈራው ዞሮ ወደ ቤት ገባና ሦስት ያረጁ ደብተሮች ይዞ ወጣ። ከላፕቶፑ በፊት በእጁ የጻፋቸው ናቸው። "የተረፈው ይኼ ብቻ ነው" አለ። ስድስት ቅዳሜ ሁለታችን ተቀምጠን እነዚያን ደብተሮች ኮምፒዩተር ላይ ገለበጥንለት፤ ጋሽ ደምሴ ያነባሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። የቀረው ግን ቀረ፤ አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ በእጄ ከፍቼ፣ በዓይኔ አይቼ መድረቁን ሳላረጋግጥ ለማንም ዕቃ መብራት አቅርቤ አላውቅም።

ጋሽ ደምሴ ከሁለት ዓመት በኋላ ጡረታ ወጡና ትውልዳቸው አንኮበር ገቡ። የዓይን ግፊት ይዟቸው ዛሬ አያዩም። እኔም ተራዬ ደርሶ ከወጣሁ በኋላ ሥራ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ ሲያረጥበው የዋለ ቤቴ በር ተንኳኳ። ስከፍት የእኔ እኩያ የሚሆኑ ሴት፣ ነጠላቸው ውሃ እያንጠባጠበ ቆመዋል። በጋቢ የተጠቀለለ፣ በፌስታል የተደረበ ነገር አቅፈዋል።

"አቶ ግርማ እርስዎ ነዎት? አስካለ እባላለሁ። የጋሽ ደምሴ ጎረቤት ነኝ፣ እሳቸው ናቸው የላኩኝ" አሉ። ገና ሳይቀመጡ ደግሞ "እንዲሁ በራሱ ነው የቆመው፣ ማንም ምንም አላደረገውም" ብለው ጨመሩ።

ሳልጠይቅ የተመለሰልኝን መልስ ያዝኩት። ወንበር ሰጠኋቸው፣ ሻይ አቀረብኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላፕቶፑ የልጃቸው የሰብለ ነው። ሰብለ አንኮበር ታስተምራለች፣ በክረምት ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። የመመረቂያ ጽሑፏን የምታስረክበው በሰባት ቀን ውስጥ ነው፤ ካለፈ ዓመት ትጠብቃለች። የመጨረሻዎቹ ሁለት ምዕራፎች ከዚህች ላፕቶፕ በቀር የትም የሉም። ላፕቶፑ ሲከፈት ማንም ሳይነካው አንድ ፊደል ይደረድራል፣ ይደረድራል፣ አያቆምም። የይለፍ ቃሏን እንዳታስገባ እሱ ራሱ ሞልቶት ይቆያል። የተገዛበት አዲስ አበባ ድረስ ወስዳዋለች። ዋራንቲው ካለቀ አሥራ ስምንት ቀን ሆኗል አሏት። ከፍተው ካዩት በኋላ ደግሞ "ፈሳሽ ገብቶበታል፣ ዋራንቲ ቢኖርሽም አንሠራልሽም፤ መለዋወጫው ለመምጣት ከወር በላይ ይፈጃል" ብለው መለሷት። እሷ ጠብታ አልነካውም ብላ ምላ ነበር።

"ቀኑ ምን ቀን ነበር የቆመው?" አልኳቸው።

"ቀኑማ... የሚካኤል ዕለት።"

"እንግዳ ነበራችሁ?"

"ማኅበሩ የእኛ ተራ ነበር። ቄሱም መጥተው ቤቱን ባርከው ሄዱ።"

"ሰብለስ?"

"ደክሟት ተኝታለች። ይኼን ዕቃ ፊቷ አድርጋ ስንት ወር ሙሉ! ዓይኗ ጎደጎደ፣ ምግብ አይረባት..." ቆም አሉ። ከዚያ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡና "ወንድሜ፣ ለማን ብዬ እናገራለሁ? ከቄሱ የተረፈች ጠበል ነበረች። ክዳኑን ከፈትኩና በሥላሴ ስም ሦስት ጊዜ ረጨሁበት። እንዲቀልላት ብዬ እኮ ነው!" አሉ።

አልሳቅሁም፤ እግዜር ያውቃል፣ ከንፈሬን ነክሼ ነው የያዝኩት። እሳቸው ግን ማልቀስ ጀመሩ። ሰብለ ከአዲስ አበባ ተመልሳ ስትጠይቃቸው እውነቱን ነግረዋታል። "ሕይወቴን ነው ያበላሸሽው፣ ከእንግዲህ ዕቃዬን እንዳትነኪ" ብላ፣ ላፕቶፑን እዚያው ጥላ ልብሷን ብቻ ይዛ ጓደኛዋ ቤት ገባች። አሥር ቀን ሙሉ በራፋቸውን አልረገጠችም።

"ደግሞስ ጠበል አበላሸ ብዬ አፌን ሞልቼ እንዴት ለሰው እናገራለሁ?" አሉኝ።

"ወይዘሮ አስካለ፣ በረከቱ ገብቷል፤ እኔ የማወጣው ውሃውን ብቻ ነው" አልኳቸው። እያለቀሱ ሳቁ።

እውነቱን መናገራቸው ግን ትልቅ ነገር ነው። ሻይ ቢሆን ስኳሩ ይጣበቃል፣ አሠራሩም ሌላ ነው። የምንጭ ውሃ ደግሞ ሲደርቅ ነጭ አፈር ይተዋል፤ ኪቦርዱ ውስጥ መብራት የሚያልፍበትን ብር መሳይ መስመር የሚበላው እሱ ነው። ጥፍሬን ቆረጥኩ፣ እጄን ታጠብኩ፣ ነጩን ጨርቅ አነጠፍኩ። አንዲትም ጊዜ አላበራሁትም። አሥራ አንድ ብሎን ወጣ፤ ሁለቱ ከላስቲክ እግሩ ሥር የተደበቁ ነበሩ። ሁሉንም በሥዕሉ ላይ ለጠፍኳቸው። መጀመሪያ ባትሪውን ነቀልኩ፣ ቀጥሎ የኪቦርዱን ስስ ገመድ፤ መያዣዋን ያነሣኋት በጋሽ ደምሴ የወይራ ስንጥር ነው። ሰሌዳው ላይ የተቃጠለ ነገር ፈለግሁ። ንጹሕ ነው። ተመስገን!

የዛሬ ዘመን ኪቦርድ ግን ተንኮለኛ ነው። ብሎን የለውም፣ በስልሳ ምናምን የፕላስቲክ ጉብጉብ ቀልጦ የተጣበቀ ነው፤ እንዲጣል እንጂ እንዲጠገን አልተሠራም። አንድ በአንድ በምላጭ ላጨኋቸው። ቆርቆሮው ሲነሣ ከሥሩ ሦስት ስስ ፕላስቲክ ተደራርቦ ወጣ፤ በመሐሉ ነጭ ነጠብጣብ፣ ልክ ከእጅ እንደተረጨ ሆኖ ተበትኗል። በአልኮልና በጥጥ ጠረግሁት። አንዷ መስመር ግን ተበልታ ተቆርጣለች። ከተጣለ ኪቦርድ ላይ ቀጭን ቁራጭ ቆረጥኩ፣ ፊቷን በተበላችው መስመር ፊት ላይ አድርጌ ለጥፌ አገናኘኋት። ይህች ብቻ ግማሽ ቀን ፈጀችብኝ። እንዲደርቅ ደግሞ ከመኝታዬ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት፤ ከግድግዳው ወዲያ የጎረቤቴ ዳቦ ቤት ምድጃ ስላለ ክረምት ከበጋ ይሞቃል። ሁለት ቀን ሙሉ ወይዘሮ አስካለ በቀን ሦስት ጊዜ እየደወሉ "ደረቀ?" ይሉኛል። "ይደርቃል" እላለሁ። ቀኑ ግን እያለቀ ነው፣ እኔም ጭንቅ ላይ ነኝ። ብቸኩልስ? መዘዞ ትዝ ይለኛል።

በአምስተኛው ቀን ገጣጥሜ ሳበራው የይለፍ ቃል መጠየቂያው መጣ። ማንም ሳይነካው ፊደል አልደረደረም፤ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ውስጡ ያለው ጽሑፍ መኖሩን ግን ቃሉን ከምታውቀው ከሰብለ በቀር ማንም ማየት አይችልም። በስድስተኛው ቀን ማለዳ በሚኒባስ አንኮበር ወጣሁ።

ጋሽ ደምሴ በር ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። እጄን ያዙና ጥፍሬን ዳሰሱ። "ደህና። ጡረታ ነው ብለህ የተውከው መስሎኝ ነበር" አሉ። ሰብለን የጠሩት እሳቸው ናቸው፤ ለእሳቸው እምቢ አትልም። መጣች። ቀጭን ናት፣ ዓይኗ አብጧል። እናትየው በረንዳው ላይ ቆመው ነበር፤ "ደህና ነሽ?" ሲሏት "እግዚአብሔር ይመስገን" ብላ በአጠገባቸው አልፋ ገባች። ወይዘሮ አስካለ እዚያው በረንዳው ላይ ቀሩ፤ ሊገቡም ሊሄዱም አልቻሉም።

ሰብለ የይለፍ ቃሏን አስገባች። እኔ መስኮት መስኮቱን እያየሁ ነው፤ ፊቷን ማየት ፈራሁ። ጥቂት ቆይቶ "አለ" አለች በቀስታ። "ሁለቱም ምዕራፍ አለ።" ፍላሽ ሰካችና ገለበጠችው፣ በላዩም ሁለተኛ ፍላሽ። ከዚያ "ጋሽ ግርማ፣ ምን ብዬ ላመስግንዎት?" ብላ ክዳኑን ልትዘጋ ስትል ጋሽ ደምሴ "ቆይ" አሉ።

"አልጨረስንም። የእናትሽን ስም ጻፊ።"

"ምን?"

"ከእኛ እጅ የሚወጣ ማሽን በዚህ ነው የሚፈተነው። ጻፊ።"

ጋሽ ደምሴ ጆሯቸውን አዘነበሉ። ጣቷ ቁልፎቹ ላይ ተቀመጠ። አንድ ሁለት ጊዜ መታች፣ ቆመች። በሠላሳ ስምንት የሥራ ዓመቴ በእናቱ ስም ላይ የቆመ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር።

"ቁልፉ ነው?" አሉኝ ጋሽ ደምሴ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"አይደለም ጋሼ። ልጅቷ እያለቀሰች ነው።"

የቁልፉ ድምፅ መቆሙን ወይዘሮ አስካለም ሰምተዋል። ነጠላቸውን እየሰበሰቡ እየሮጡ ገቡ፤ "ምነው ቆመ? ደግሞ ቆመ እንዴ? ወይኔ ልጄን!" አሉ። ሰብለ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገችና የቀረውን ፊደል በአንድ ትንፋሽ ጻፈችው። እናትየው ማንበብ አይችሉም። ጎንበስ ብለው ስክሪኑን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ፤ "ምን ይላል?" አሉኝ።

ልመልስ አፌን ስከፍት ጋሽ ደምሴ ክንዴን ጨበጡኝ።

"አስካለ ይላል፣ እማዬ" አለች ሰብለ።